አሥራ ዘጠነኛው ሌሊት

የልጄን መሳቢያ የከፈትኩት ቻርጀር ፍለጋ ነበር። የኔው እንደ ልማዱ የሆነ ቦታ ተረስቷል። ቻርጀሩን አገኘሁት፤ ከሥሩ ደግሞ አንድ መጽሐፍ ነበር። አወቅኩት። ከዓመት በፊት ራሴ የገዛሁላት ነው። ገለጥ አደረግኩት። የኋላው ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ በእርሳስ የተሰመሩ ቀጫጭን መስመሮች ተደርድረዋል፤ እስረኛ ግድግዳ ላይ ቀን እንደሚቆጥረው ዓይነት።

ቆጠርኳቸው። 31 ናቸው። 19ኛዋ ግን መስመር አይደለችም፤ ክብ ናት። እርሳሱ ከመደጋገሙ የተነሳ ወረቀቱ ሳስቷል፤ በጣት ሲነካ ይሻክራል።

ወዲያው አልገባኝም። የገባኝ የመጽሐፉን ታሪክ ሳስታውስ ነው። ልቦለድ ነው። አንዲት የ15 ዓመት ልጅ እናቷ በጠና ትታመምባታለች። ልጅቷ 40 ሌሊት ሳታቋርጥ ልትጸልይ ስእለት ትገባለች። ትጸልያለች። በ40ኛው ቀን እናትየው ከአልጋዋ ትነሳለች። አለቀ።

የባለቤቴ ታናሽ እህት ከሞተች ገና ሦስት ሳምንቷ ነበር። ልጄ ለአክስቷ ስትጸልይ ኖራለች፤ 31 ሌሊት። ክቧ ምን እንደሆነች ግን ራሷ እስክትነግረኝ ድረስ አላወቅኩም።

## ቀድሞ ነበር እንጂ

ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ልጄ 14 ሲሞላት አንድ ጭንቀት ያዘኝ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ የክፍሏ ልጅ ወላጆች ሊፋቱ እንደሆነ ነገረችኝ። ከዚያ «እኛስ?» ብላ ጠየቀችኝ። «እኛማ ደህና ነን» አልኳት። ደህና ነበርን። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህች ልጅ እስከ ዛሬ ክፉ ቀን አላየችም። ሲመጣ ምን ይዛ ትቆማለች? የኔ እምነት እኮ ለሷ አይተርፍም። የራሷ ያስፈልጋታል።

ያኔ የመጣልኝ ያው የድሮው አባባል ነው፤ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።» አስቀድሜ ላዘጋጃት አልኩ። እኔ ደግሞ ችግር ሲያጋጥመኝ መጽሐፍ የምገዛ ሰው ነኝ። ቧንቧ ቢያፈስ እንኳ መጀመሪያ የምፈልገው ስለ ቧንቧ የተጻፈ ነገር ነው። ባለቤቴ ሁሌ ትስቅብኛለች።

በአንድ ዓመት ውስጥ 11 መጽሐፍ ገዛሁላት። ልቦለድ፣ የየዕለት ጥሞና፣ የሕይወት ምስክርነት፣ ብቻ «ለወጣቶች» የሚል የተጻፈበትን ሁሉ። እንዴት መረጥኳቸው? እውነቱን ልናገርና፣ ጀርባቸውን አንብቤ ነው። ብልግና አለበት? የለበትም። ጸሎት አለበት? አለበት። መጨረሻው ያምራል? ያምራል። በቃ፣ ይሄ ጥሩ ነው። ከ11ዱ ዳር እስከ ዳር ያነበብኩት ሁለቱን ብቻ ነው። ለመድኃኒት ቢሆን እንዲህ አላደርግም። ከካርቶኑ ውስጥ ያለችውን ወረቀት አውጥቼ፣ የጎንዮሽ ጉዳቱን ሳይቀር፣ እስከ መጨረሻ ነው የማነበው።

## «እንቅልፍ ወሰደኝ»

መጽሐፉን ይዤ ሳሎን ተቀመጥኩ። ስትመጣ ምን እንደምላት አልወሰንኩም። መሳቢያዋን መክፈቴ ራሱ ያስቆጣታል ብዬ ፈርቼ ነበር። ገባች፣ ቦርሳዋን ጣለች፣ መጽሐፉን እጄ ላይ አየችና ክው አለች። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ቻርጀር ፈልጌ ነው» አልኳት።

«እሺ።»

«መስመሮቹ የጸሎት ናቸው?»

ራሷን ነቀነቀች።

«ክቧስ?»

ዝም አለች። ጎንበስ ብላ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። ክሩን ፈታች፣ መልሳ አሰረችው፣ እንደገና ፈታችው። ከዚያ ቀና ሳትል፣ «የዛን ቀን እንቅልፍ ወሰደኝ» አለች።

«እና?»

«እናማ አቋረጥኩት። ልጅቷ አንድም ቀን አላቋረጠችም። እኔ ግን ለፈተና ሳጠና አምሽቼ ተኛሁ። ትዝ ያለኝ ጠዋት ስነሳ ነው። ከዛ በኋላ ሁለት ሁለት ጊዜ ብጸልይም...» አልጨረሰችውም።

ቁጭ ብዬ ነገሩን በዝግታ ገጣጠምኩት። ይህች ልጅ ሦስት ሳምንት ሙሉ አክስቴን የገደልኳት እኔ ነኝ ብላ እያሰበች ነበር። አብራን ተቀምጣ ቴሌቪዥን እያየች። ወንድሟን እያበሸቀች። ፈተናዋን እየተፈተነች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እሷ ግን የደበቀችው ፈርታ ነው። እናቷን ፈርታ። «እህቷ አይደለች?» አለችኝ።

እዚህ ጋ ጥሩ ነገር ተናገርኩ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልተናገርኩም። «አይ፣ እንደሱ አይደለም» አልኩ። አንዴ ቢሆን ጥሩ፤ አራት አምስቴ ነው ያልኩት። እሷም በየመሃሉ «እሺ» ትለኛለች። ከዚያ «ለበጎ ነው» የሚለው አፌ ላይ ደረሰ። ስንቱን ሰው ብዬዋለሁ እኮ፣ በቅንነት። ያን ቀን ግን ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። በልጄ ጆሮ ሰማሁታ። አክስትሽ የሞተችው ለበጎ ነው። አንቺም የተኛሽው ለበጎ ነው።

ዋጥኩት። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፤ ሳሎኑ ጨላልሞ መብራት የሚያበራ ሰው ጠፍቶ ነበር።

በኋላ መጽሐፍ ቅዱሱን አነሳሁ። ዝግጅት አልነበረኝም። ትዝ ያለኝ አንድ መዝሙር ብቻ ነው፤ 88ኛው፣ በሌላው አቆጣጠር 87ኛው። ስለሚያስጨንቀኝ ድሮ ቶሎ ብዬ የማልፈው ነው። ሰውየው ቀንም ሌሊትም ይጮኻል። መልስ የሚሰጠው የለም። ፊትህን ለምን ከኔ ትሰውራለህ ይላል። ወዳጆቹ ሁሉ ርቀውታል። ቀስ ብዬ አነበብኩላትና ጨረስኩ።

«ከዛስ?» አለች።

«አለቀ።»

«እንዴ! እንዲህ ብሎ አለቀ? ሳይሻለው?»

«እንዲህ ብሎ አለቀ።»

ከእጄ ተቀብላ ራሷ አየችው። ገጹን ገለበጠች፤ ቀጥሎ ያለው ሌላ መዝሙር ነው። መልሳ ገለበጠች። «እና ይሄ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እንዲገባ ፈቀዱ?»

ከዚያ አለቀሰች። ከቀብሩ ቀን ወዲህ ስታለቅስ ሳያት ያ የመጀመሪያው ነበር።

የዚያን ማታ ለእናቷ ራሷ ነገረቻት። እኔ ኮሪደር ላይ ቆሜ ነበር፤ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ እንዲህ ስትል ሰማሁ፦ «አንቺ አንድ ቀን ነው ያቋረጥሽው። እኔ እኮ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት አንድም ቀን አልጸለይኩም። አቃተኝ። አልጋዋ ጎን ተቀምጬ ጣሪያ ጣሪያውን ነበር የማየው።» ይህን ለኔም ነግራኝ አታውቅም። ከገዛኋቸው 11 መጻሕፍት ውስጥ እንዲህ የምትናገር እናት አንድም የለችም።

## ከ42 ምዕራፍ ሦስቱ

በዚያ ሳምንት መጻሕፍቱን ሰብስቤ ማታ ማታ ማንበብ ጀመርኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

አብዛኞቹ መጥፎ መጻሕፍት አይደሉም። በቅንነት ተጽፈዋል። ግን አንድ አካሄድ ይደጋገማል። ችግር ይመጣል። ጀግናዋ ትንሽ ትጠራጠራለች። ከዚያ ከልቧ ታምናለች። ከዚያ ችግሩ ይፈታል። የሚጠራጠረው ጓደኛዋ ደግሞ ወይ ጉድ ይሆናል፣ ወይ ተጸጽቶ ይመለሳል። ይህን ደጋግማ ያነበበች ልጅ ምን ትማራለች? መከራ ሲመጣ የሚለካው የእምነትሽ መጠን ነው፤ መልስ ካልመጣ ጉድለቱ ያንቺ ነው። ማንም በዚህ ቃል አልጻፈውም። ልጄ ግን ያነበበችው ይህንን ነው። እርሳስ ይዛ።

ይህ ሐሳብ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። እኛ ወላጆች መጽሐፉ የሚለውን እንመረምራለን። ልጁ ደግሞ የታሪኩን አሠራር ነው የሚማረው፤ ምን ሲደረግ ምን ይመጣል የሚለውን። መከራው ሲመጣ መጽሐፉ ዋሸኝ አይልም። ቢል ጥሩ ነበር። ራሱን ነው የሚጠረጥረው።

ከ11ዱ አንዱ የኢዮብን ታሪክ ለወጣቶች የሚተርክ ነው። መጽሐፈ ኢዮብ 42 ምዕራፍ አለው። ሁላችንም የምናውቀው ታሪክ ያለው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎችና የመጨረሻው ላይ ነው። መካከሉ በሙሉ ማለት ይቻላል ሙግት ነው፣ በግጥም። ኢዮብ የተወለደበትን ቀን ይረግማል። እግዚአብሔርን ፊት ለፊት ልሟገትህ ይላል። ጓደኞቹ ይገሥጹታል፤ ያለ ጥፋት የተቀጣ ማን አለ ይሉታል። የወጣቶቹ መጽሐፍ ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ተኩል አልፎታል። ሀብታም ነበር፣ ሁሉን አጣ፣ ታገሠ፣ እጥፍ ሆኖ ተመለሰለት።

የዘለለው ደግሞ ዋናውን ነው። በመጨረሻው ምዕራፍ እግዚአብሔር ተቆጣሁ የሚለው በኢዮብ ሳይሆን በጓደኞቹ ነው። እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ይላቸዋል። እስቲ አስቡት። ሲጮህና ሲሟገት የነበረው ሰው ቅን ተናገረ ተባለ። ለእግዚአብሔር ጥብቅና የቆሙት ተገሠጹ። ለጓደኞቹ ግን አንድ ነገር ልመስክርላቸው። መጀመሪያ ሲመጡ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀምጠው አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ጉዳቸው የመጣው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። እኔ እነሱን አልስቅባቸውም።

ሌላው መጽሐፍ ሽፋኑ ላይ ኤርምያስ 29፥11 በወርቃማ ቀለም ታትሞበታል፤ ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ የሚለው። ጥቅሱን እወደዋለሁ። ግን ከላዩ ያለውን ቁጥር 10 ሽፋን ላይ ሲያትሙት አይቼ አላውቅም። 70 ዓመት ይላል። ተስፋው የተጻፈው ተማርከው ባቢሎን ለተወሰዱ ሰዎች በተላከ ደብዳቤ ላይ ነው። ደብዳቤው ሲነበብላቸው ጎልማሳ የነበሩት የመመለሻውን ቀን ለማየት ዕድሜያቸው አይበቃም። ቁጥር 11ን ነጥሎ ለልጅ መስጠት፣ ቼክ ሰጥቶ ቀኑን እንደ መደበቅ ነው።

## ከዚያ ወዲያ ማዶ ዘለልኩ

ሰው ከአንድ ጥፋት ሲሸሽ ሌላው ላይ ይወድቃል። እኔም በቃ፣ ካሁን በኋላ የሚያምር መጨረሻ የለም አልኩ። ስለ ሰማዕታት የሚተርክ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ሰጠኋት። እውነተኛ መከራ ይኸውልሽ ማለቴ ነበር። ሁለት ሌሊት መብራት አብርታ ተኛች። በሦስተኛው ቀን መለሰችልኝ።

«ይሄ ሊያስፈራራኝ ነው እንዴ የተጻፈው?»

«ለምን አልሽ?»

«ሰዎቹ ቁስል ብቻ ናቸው። አንዳቸውም ሲስቁ አላየሁም።»

ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ባነሳሁ ቁጥር ይህ አባባሏ ይመጣብኛል። እውነቷን ነው። መጽሐፉ ውስጥ የእንባውና የደሙ ልክ አለ። ሰውየው ማን እንደነበር፣ ምን እንደሚወድ፣ ማን እንደሚናፍቀው ግን የለም። የ15 ዓመት ልጅ ከዚያ የምትወስደው ሥዕሉን ብቻ ነው። ሌሊት የሚመጣውም ሥዕሉ ነው።

ደግሞ ጊዜውም አልነበረም። ኀዘን ላይ ያለ ሰው ገጽ አይገፋም። ለሁለት ወር ያህል አንድ ምዕራፍ መጨረስ አልቻለችም፤ እኔ ግን ስለማታነብ ነበር የምጨነቀው። ያኔ ያነበበችው ነገር ቢኖር አጫጭር መዝሙራት ነው። እሱም አልጋ ላይ፣ በስልክ።

ሁለታችንንም የያዘን መጽሐፍ የመጣው ከወራት በኋላ ነው። ኮሪ ቴን ቡም የምትባል ኔዘርላንዳዊት ከሌሎች ጋር የጻፈችው፣ እ.ኤ.አ. በ1971 የታተመ ትዝታ ነው። ቤተሰቡ ሃርለም በምትባል ከተማ የሚኖር ሰዓት ሠሪ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አይሁዶችን ቤታቸው ደበቁ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1944 ተያዙ። አባትየው በ84 ዓመታቸው፣ በታሰሩ በ10 ቀን ሞቱ። ኮሪና እህቷ ቤትሲ ራቨንስብሩክ ወደሚባለው የሴቶች ማጎሪያ ካምፕ ተወሰዱ።

መኝታ ክፍላቸውን ቁንጫ ወሮታል። ቤትሲ ለቁንጫውም እናመስግን ትላለች። ኮሪ ደግሞ፣ ለዚህስ አላመሰግንም። በኋላ ጠባቂዎቹ ወደዚያ ክፍል የማይገቡት ቁንጫውን ሸሽተው እንደሆነ ይታወቃል። ሴቶቹ ተሰብስበው መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ የቻሉት በዚያ ነው። ልጄ እዚህ ጋ ስትደርስ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «ይኸው ደግሞ። ሁሉም ነገር ምክንያት አለው ሊሉኝ ነው።»

«ቀጥዪ» አልኳት። ይሄኛውን አስቀድሜ አንብቤው ነበር።

ቀጠለች። ቤትሲ ከካምፑ አልወጣችም። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ውስጥ እዚያው ሞተች። ኮሪ ከቀናት በኋላ ተፈታች። ከዓመታት በኋላ ስትሰማ መፈታቷ የጽሕፈት ስህተት ነበር። ልጄ «ስህተት?» አለች። ቆይታ እንደገና፣ «ስህተት!» አለች። ከዚያ መጽሐፉን ወደ ክፍሏ ይዛው ሄደች።

እኔን የያዘኝ ግን ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች አንዱ ነው። ኮሪ ልጅ ሳለች ጎረቤት ቤት የሞተ ሕፃን ታያለች። ማታ አባቷን አንተ መሞት የለብህም እያለች ታለቅሳለች። አባትየው አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይጠይቃታል። አብረን በባቡር ስንሄድ ትኬትሽን የምሰጥሽ መቼ ነው? ልንሳፈር ስንል ነው ትለዋለች። ብርታቱም እንደዚያው፣ በሚያስፈልግሽ ሰዓት ይሰጥሻል ይላታል።

እኔ ባቡሩ ሳይመጣ 11 ትኬት ቆርጬ ኪሷ ውስጥ የጠቀጠቅኩ አባት ነኝ። እና ታዲያ መጽሐፍ መስጠት ከንቱ ነው? ለብዙ ቀን ይህን ሳሰላስል ቆየሁ። አይመስለኝም። ኮሪ ያን ቃል ልታምነው የቻለችው ተናጋሪው ማታ ማታ አልጋዋ ጫፍ የሚቀመጥ ሰው ስለሆነ ነው። ትኬቱ ማን ጋ እንዳለ ታውቃለች። ልጄ በ19ኛው ቀን ጠዋት የጎደላት ብርታት አይደለም። እሱማ ነበራት፤ ተጨማሪ 12 ሌሊት ሁለት ሁለት ጊዜ ጸልያለች። የጎደላት አነጋገሩ ነው። «ትናንት ተኛሁብህ፤ ተቀይመኸኛል?» ብሎ እግዚአብሔርን መጠየቅ እንደሚቻል ማንም አላሳያትም። እኔም፣ መጻሕፍቱም። ያሳየናት ጸሎትን እንደ ሥራ መሥራት ነው። የምፈልገው መጽሐፍ እንዴት እንደሚታመን ሳይሆን፣ ሲመር እንዴት እንደሚወራ የሚያሳየውን ነው።

## ከቤት ያወጣሁት አንድ መጽሐፍ

አሁን መጽሐፍ ስገዛ ራሴ ሳላነብ አልሰጥም። ጊዜ ካጣሁ ቢያንስ የመጨረሻውን ሲሶ አነባለሁ። አንድ ትልቅ ሰው «አላውቅም» የሚልበት ቦታ እፈልጋለሁ። የሚጠራጠረው ገጸ ባሕርይ ምን እንደሚሆን አያለሁ። የሚስቅ ሰው መኖሩንም፤ ይሄ የልጄ መመዘኛ ነው።

ከ11ዱ አሥሩ አሁንም ቤት ውስጥ ናቸው። አንዱን ግን ከቤት አወጣሁት። ታሪኩ አባቷ የሚደበድባት ልጅ ነው። ዝም ትላለች፣ ይቅር ትላለች፣ ትጸልይለታለች። አባትየው በመጨረሻ አልቅሶ ይለወጣል። ለማንም ሳትናገር። ጸሐፊው ይህን ያቀረበው እንደ ድል ነው። እኔ ሳነበው ያሰብኩት፣ አሁን በዚህ ሰዓት የሆነ ክፍል ውስጥ በሩን ቆልፋ ይህን ስለምታነብ ልጅ ነው። ምን አስተማራት? ዝም በይ። እየጸለይሽ ተደብደቢ።

ሌላውን ስህተት ሁሉ አልፋለሁ፤ በዚህ ግን ድርድር የለኝም። ለወጣት የተጻፈ መጽሐፍ እንዲህ ያለ ነገር ካነሳ፣ ለምታምኚው ሰው ተናገሪ ማለት አለበት። የመጀመሪያው ሰው ካላመነሽ ለሁለተኛው ተናገሪ። ይቅርታ ማለት እዚያው ቤት መቀመጥ አይደለም። መጸለይና መናገር ደግሞ አይጣሉም። ስለ ድባቴም እንደዚሁ ነው። መኖር አስጠልቶኛል ለሚል ልጅ ተስፋ መቁረጥ ኃጢአት ነው ብሎ ብቻ የሚዘጋ መጽሐፍ፣ የሐኪሙን በር አብሮ ይዘጋበታል።

ይህን ስከራከር ባለቤቴ የኤልያስን ታሪክ አስታወሰችኝ። ነቢዩ ከንግሥቲቱ ሸሽቶ ምድረ በዳ ውስጥ አንድ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። በቃኝ፣ ነፍሴን ውሰዳት ይላል። ስብከት አልመጣለትም። ተኛ። መልአክ ቀሰቀሰው፤ እንጎቻና ውሃ ነበር፣ በላ ጠጣ። ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጣ፤ ብላ፣ መንገዱ ሩቅ ነው አለው። ይኸው ነው።

ማታ ለልጆቹ አነበብኩላቸው። ልጄ ከላይ ያለውን ቁጥር ያየችው ከኔ ቀድማ ነው።

«ምዕራፉ 19 ነው» አለች።

ቀዳማዊ ነገሥት 19። ማንም ምንም አልጨመረም። ወንድሟ ምን እንደሆነ ስላልገባው ሁለታችንንም እያፈራረቀ ያየን ነበር።

## ወንድሟ

እሱ 13 ዓመቱ ነው፤ መጽሐፍ ስሰጠው እንደ ቅጣት ነው የሚያየው። ለሱ መግዛቱን ትቻለሁ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ፤ እሱ መሬት ላይ ተኝቶ ኳስ ወደ ጣሪያ ይወረውራል። እየሰማ አይመስለኝም ነበር። የዮሴፍን ታሪክ ስጨርስ ግን ኳሱን ያዘና፣ «ሲሸጥ ስንት ዓመቱ ነው ያልከኝ?» አለ።

«17።»

«ፈርዖን ፊት ሲቆምስ?»

«30።»

ኳሱን ደረቱ ላይ አስቀመጠ። «የኔን ዕድሜ በሙሉ ማለት ነው።»

የወይን ጠጅ አሳላፊው ዮሴፍን ረስቶት ሁለት ዓመት ሙሉ ማለፉን ስነግረው ተናደደ። «መጨረሻው እንደሚያምር ግን ያውቃል አይደል?» አለኝ። አያውቅም አልኩት። እኛ ነን የምናውቀው፤ ገጹን ገልብጠን። ትንሽ አሰበና፣ «ሼም ነው» አለ። ማንን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

## የተመለሰልኝ መጽሐፍ

ባለ መስመሩን መጽሐፍ ልጣለው ወይ ብዬ ልጄን ጠይቄያት ነበር። እንዳትነካው አለችኝ። አሁንም እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ቻርጀሩ ሥር። ቻርጀር ስፈልግ አሁን አንኳኩቼ እጠይቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት ክፍሌ ድረስ መጥታ አንድ ልቦለድ አቀበለችኝ። ከጓደኛዋ ተውሳ ነው። «አንብበው» አለችኝ። «መጨረሻው ላይ ትሞታለች፤ አስቀድሜ ልንገርህ ብዬ ነው።»

መካከሉ ላይ የተቀደደ የደብተር ወረቀት ሰክታበታለች። ምንድን ነው አልኳት።

«እዛ ጋ ልጅየው ለአባቱ የሆነ ነገር ይነግረዋል። አባትየው ምንም አይልም። ዝም ብሎ አብሮት ይቀመጣል።» ወደ በሩ ሄደችና ዞር አለች። «አንተን ይመስላል። እሱ ግን ቶሎ ነው ዝም ያለው።»